ማንጎ ብላልኝ

ዳበሳ ማንጎ የሚበላው ለሁለት ሰው ነበር። የሰባት ዓመት ልጁ የቃናኒ አንጀት ተጠማዞ በስብሶ፣ ሐኪሞቹ ቆርጠው ሲያወጡት ስንዝር የማይሞላ ነው የቀራት። የቀመሰችው ሁሉ እንደ ውሃ ስለሚወርድ፣ ምግብ ተከልክላ በግሉኮስ ትኖራለች። ታዲያ አባትየው አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ ይበላል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና «እንዴት ነው?» ትለዋለች።

«ማር ነው። ክሩ ጥርሴ ውስጥ ገባ።»

«ድገመው!» ብላ ትስቃለች።

ሆስፒታሉ ያለባት አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ሰቅሏል። ዳበሳም አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ ወደዚያች ከተማ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ረቡዕ ዕለት ዶክተር አስረሳሽ «ውጭ አገር ከሌላ ሰው አንጀት ወስደው መተካት ጀምረዋል፤ እኛ ጋ ግን የለም» ስትለው፣ የፊተኛውን ብቻ ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቁስል የሚያሽገውን ድሬሰር ይልቃልን ያዘው።

«የኔን ቢወስዱላትስ?»

ይልቃል ከእግር እስከ ራሱ አየው። «የጋሽ ዳበሳን አንጀት? ገንፎና አንጮቴ የታጨቀበትን? መጀመሪያ ይታጠብ እንጂ! እስከ ሰኞ እህል እንዳይነካው፤ ውሃ ብቻ።» ዘወር ብሎ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ተሳሳቀ።

ዳበሳ ለጾም እንግዳ አይደለም፤ በአገሩ ባምባሲ፣ ቸርቻቸው ውስጥ፣ ሦስት ቀን ጾሞ ያውቃል። ለማንም ሳይናገር ጀመረው። ለልጁም ያልተረጋገጠ ተስፋ መስጠት ፈራ።

«አባዬ፣ ብላልኝ እንጂ።»

«አላሰኘኝም።»

ቅዳሜ ማንጎውን ራሷ ከኮሞዲኖው አንስታ ወደ አፉ አስጠጋችለት። እጇን ገፋው።

«ተቆጥተኸኛል?»

ማንጎውን ተቀብሎ ኮሞዲኖው ላይ መለሰው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ ብላልኝ አላለችውም።

ሰኞ ዶክተሯ ስትገባ፣ ዳበሳ የአልጋውን ብረት ተደግፎ ቆመ። «ዶክተር፣ አምስት ቀን ሙሉ ታጥቧል። ውሰዱት።»

«ምኑን?»

«አንጀቴን ነዋ!»

ይልቃል ከኋላዋ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አስታማሚው፣ በሽተኛው ሳይቀር።

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ጋሽ ዳበሳ፣ እዚህ አገር አይሠራም፤ ነግሬዎት ነበር። ይሂዱና ይብሉ» አለችውና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ማንጎው ጠቁሯል። ዳበሳ ላጠው፤ ጎረሰ።

«ቃናኒ፣ እንዴት ነው በይኝ እንጂ።»

«አላሰኘኝም» አለችው፣ ወደ ግድግዳው እንደዞረች።