የሐረጎ ጉም ከየት ይጀምራል

ሱሀይላ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ስልኳን ስትመለከት «የሐረጎ ግንባር» የሚባለው የፌስቡክ ቡድን እንደ ልማዱ ሲንጫጫ አድሮ ጠበቃት። ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። ስለ ሥራው የሚያወራ አንድ ጤነኛ ሰው ፈልጋ አጣች።

«ግመል ካልገባ ደጋን፣ ደጋን አትሆንም» ብሏል ሸረፈዲን፣ የደጋን ከተማው ልጅ።

«የወታደር ጨዋታ ላይ ግመል ምን ይሠራል?» ብሎታል አንዱ።

«ይጭናላ! ጥይቱን በምን ልታወጣው ነው፣ በጀርባህ?»

«ግመሉን ተዉትና ሄሊኮፕተር ይግባ።»

«ሄሊኮፕተር ከገባ እኔ የለሁበትም። ወንድ የሆነ በእግሩ ይምጣ።»

«አድሚኗ ሴት መሆኗን አትርሳ፣ አፍህን ሰብሰብ።»

«ሱሁ፣ አፉ በይኝ። ሄሊኮፕተሩ ግን ወላሂ አይግባ።»

ስልኳን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ወርወር አድርጋ ሁለት እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። ገና ጠዋቱ ነው፣ ደክሟታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያብዱለት የወታደር ጨዋታ የተሠራው በፈረንጅ አገር ነው። ሠሪዎቹ ግን በሩን አልዘጉትም። የፈለገ ሰው የራሱን ተራራ፣ የራሱን መኪና፣ የራሱን የደንብ ልብስ ሠርቶ ሊያስገባበት ይችላል። ይህንን «ሞድ» ይሉታል። ሱሀይላ ታዲያ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ ከነጠመዝማዛው ላስገባ ብላ ሁለት ዓመት ተቀመጠችበት። ኮምቦልቻ ውስጥ ባላት ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ደንበኛ ሲወጣ አንድ ባሕር ዛፍ ትተክላለች፣ ደንበኛ ሲገባ ትዘጋዋለች። መብራት ድንገት ሄዶ ያላስቀመጠችው ገደል ሲጠፋባት እንደገና ገደሉን ትቆፍራለች። ሚኒባስ ስትሳፈር ሁልጊዜ መስኮት ዳር ነው። ከባድ መኪናዎች ፍሬናቸውን ለማቀዝቀዝ የሚቆሙበትን ቦታ፣ ድንጋዩ የተናደበትን ጥግ፣ ሁሉንም እያየች አስገባችው። ሲያልቅ ደሴዎች ከላይ ይጠብቃሉ፣ ኮምቦልቻዎች ከታች ይወጣሉ፣ ጦርነቱ ይቀልጣል። ስሟን የሚያስጠራ ሌላ ነገር በሕይወቷ አልሠራችም፣ ይህንንም በግልጽ ታውቀዋለች።

የቀረው ወታደሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ብቻ ነበር። ያንን የሚችለው ደግሞ እንየው ነው፤ ደሴ ፒያሳ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ካርታው በኢንተርኔት እንዳይላክ ከባድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኔትወርክ አንድ ፎቶ ለማሳለፍ እንኳ ያምጣል። ስለዚህ ሁሉንም በሀርድ ዲስክ ገልብጣ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ደሴ ድረስ ወጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ይህ የሆነው በመውሊድ ሰሞን ነው። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ ብሎ የእሷን ኮምፒውተር አቃጠለው። እንግዲህ ሐረጎ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ቀረ፤ አንዱ በቦታው፣ ሌላው እንየው ዘንድ።

«ለጥምቀት ታገኚዋለሽ» ብሏት ነበር። ጥምቀት አለፈ። ሁዳዴ ገባ። ስትጠይቀው ጾሙ እንደከበደው ያወራል። ስትደውል ደንበኛ ይዞኛል ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ምንም በሌለበት ቡድኑ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ወገኖች፣ የሱሀይላ ጉም ልክ አይደለም። ሐረጎ ላይ ጉም የሚጀምረው ከአናቱ ነው። እሷ ግን ከመሃል አስጀምራዋለች። ከታች የሚመጣው ጦር ተሸፋፍኖ ይወጣል፣ እኛ ደሴዎች ታውረን እንቀመጣለን። አድልዎ ነው። ይሄ ሳይስተካከል እጄን አላነሳም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላህ ያውቀዋል። ደሴዎች በአንድ ወገን፣ ኮምቦልቻዎች በሌላ ወገን ተሰለፉ። ጨዋታው ገና አልተሠራም፣ ጦርነቱ ግን ተጀመረ። አንዱ አያቱን ምስክር ጠራ። ሌላው ኮምቦልቻ ሙቀት እንጂ ጉም ምን እንደሆነ አታውቅም ብሎ ተሳደበ። ሸረፈዲን «ደጋን ገለልተኛ ናት፣ ግመሉ ግን ይታሰብበት» አለ።

ሱሀይላ አበደች። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎ መሃል ላይ «ወራጅ አለ!» አለች።

«እዚህ ማን አለሽ?» አላት ረዳቱ በሩን ይዞ።

«ጉም።»

ረዳቱ ሹፌሩን አየው፣ ሹፌሩ በመስታወቱ እሷን አያት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ለሷ ዱዓ የሚያደርግ መሰለ። ወረደች። ጉሙ በትክክል እሷ ያስቀመጠችበት ላይ፣ ከመሃለኛው ጠመዝማዛ ጀምሮ፣ መንገዱን ውጦት ቆሟል። በስልኳ ቀርጻ ለጠፈችው።

«የከባድ መኪና ጭስ ነው» አለ እንየው።

ሌላ ቀን ሄዳ ቀረጸች። «ስልክሽ እድፍ አለበት» አለ። በሦስተኛው ላይ «አንድ ቀን የታየ ጉም ማስረጃ አይሆንም» አለ። እልኽ የሚያስጨርስ ሰው ነው። እሷም ቀስ በቀስ ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣውን ገበሬ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣውን ተማሪ፣ «ይቅርታ፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ ከየት ነው የሚጀምረው?» እያለች ትጠይቃለች። አንዱ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አላት።

በመጨረሻ በግል ጻፈችለት። «እንየው፣ ጉሙን እንደፈለግህ አድርገው። ዲስኬን ብቻ መልስልኝ።»

«በመርህ ጉዳይ አልደራደርም» ብሎ መለሰላት።

በመርህ ጉዳይ! ሱሀይላ ስልኩን ይዛ ከንዴቷ ብዛት አለቀሰች። እናቷ መርየም ያገኘቻት እንዲሁ እንደሆነች ነው፤ ነገሩን አንድ ባንድ አስነገረቻት።

«የለፋሽበትን ሰው ይዞ እምቢ አለሽ?»

«አዎ፣ እማ።»

«ታዲያ ስልክ ስትጎረጉሪ ትውያለሽ? አገሩ ሽማግሌ የለውም?»

«እማ፣ አፈር ስሆን! ጌም እኮ ነው። ሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«ጌም ይሁን ሌላ፣ ልፋት ልፋት ነው» አለች መርየም። በዚያው ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ አባባ ሰይድ ግቢ ውስጥ ጉባኤው ተቀመጠ። አባባ ሰይድ በጉብዝናቸው ተሳቢ እየነዱ አሰብ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ከደሴ በእንየው ወገን የመጡት ጎረቤቱ ጋሽ ወንድምአገኘሁ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሦስተኛዋ እማማ ራቢያ ነበሩ፤ ዱዓቸው መሬት ጠብ አይልም የሚባልላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት፣ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሳይጠየቁ መናገር የለም። ዱዓው ተደረገ፣ ሁሉም አሚን አለ። ሱሀይላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«እስቲ ልጄ፣ ምን ወሰደብሽ?» አሉ አባባ ሰይድ።

«የሐረጎን መንገድ።»

አባባ ሰይድ ቀና ብለው አዩዋት። «ትናንት ልጄ በዚያው ወጥቷል። በቦታው ነበር።»

«በኮምፒውተር የሠራሁትን ነው፣ አባባ።»

«ወረቀት ነው?»

«አይደለም።»

«ይከብዳል?»

«አይከብድም።»

«የማይከብድ፣ ወረቀት ያልሆነ መንገድ» አሉ አባባ ሰይድ ወደ ጋሽ ወንድምአገኘሁ ዞረው። ጋሽ ወንድምአገኘሁ መምህር ናቸውና የገባቸው መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊልም እንደማለት ነው» አሉ። ሱሀይላ ልታርማቸው አፏን ከፍታ ተወችው።

«ጥሩ። ለምን ከለከልካት?» ተባለ እንየው።

እንየው ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። «በጉሙ አልተስማማንም» አለ። «እሷ ከመሃል ይጀምራል ትላለች። እኔ ከአናቱ ነው እላለሁ።»

ይህን ጊዜ አባባ ሰይድ ቀና አሉ። «ከመሃል ነው እንጂ! ምን ጥያቄ አለው? ስንት ዘመን መብራት አብርቼ የወጣሁት!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ ጋሽ ወንድምአገኘሁ፣ «እርስዎ የሚያወሩት ስለ ክረምት ነው። በበጋ ከአናቱ ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያረጀሁ ሰው ነኝ።»

«ደሴ ተቀምጦ ጉም አይታይም፣ ጉም ውስጥ ነው ያሉት!»

«ከኮምቦልቻስ ምን ይታያል፣ አቧራ?»

ሱሀይላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሽበታቸውን ብትሸፍነው ያው ቡድኑ ነው። አንደኛው ገና ግመል ይግባ የሚል መሰላት።  ለዚህ ነው ሽማግሌ የተጠራው? እስከ ቂያማ ቀን ይኸው ነው?

«ዝም በሉ እስቲ» አሉ እማማ ራቢያ።

እማማ ራቢያ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንየውን አዩት። ቁጣ የለባቸውም።

«ልጄ፣ ዕቃው አለ?»

 የእንየው ኮፍያ መዞሩን አቆመ።

«ሽማግሌ ፊት ነህ። አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አለ እንየው።

መርየም በጓሮው በር ላይ «ያ ረቢ!» ስትል ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ዲስኩ ላይ ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ ገባበት፤ ፎልደሩን ሁሉ ይደብቅና በቦታው ስሙን ብቻ የተሸከመ ባዶ ምልክት የሚያስቀምጠው። እንየው ለደንበኛ በቀን ስንት ጊዜ የሚያጸዳው ነገር ነው። ሥራውን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ልገልብጥና ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ባዶ ላድርገው አለ። በዚያው ሰዓት ግን በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ቡድኑ ላይ ስለ ሄሊኮፕተር እየተከራከረ ነበር። ገለበጠ። ምን እንደገለበጠ ከፍቶ አላየም። የገለበጠው ባዶውን ምልክት ነው። ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋው።

«ለአንቺ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ዐይኑ ቀልቷል። «ዛሬ ነግሬያት ልረፍ እላለሁ፣ ቡድኑ መቼ ነው መቼ ነው ይላል፣ አፍራለሁ። አንድ ቀን ጉሙን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ስለ ጉሙ ማውራት ጀመረ። መቼ ነው የሚለኝ ጠፋ።»

ሱሀይላ የማትጮኸው ለምን እንደሆነ ራሷም አልገባትም። ድምፅዋ እንደ ሱቅ ድምፅዋ ነበር።

«ፎርማት ያደረግኸው መቼ ነው?»

«በሰጠሽኝ ሳምንት።»

«ፎርማት የተደረገ ነገር ወዲያው ከተያዘ እንደሚመለስ ታውቃለህ። ሌላ ነገር ካልተጫነበት።»

«አውቃለሁ።»

«ጫንክበት?»

«በዚያን ጊዜ አልጫንኩም። አስቀምጬው ነበር።» ኮፍያውን እንደገና ማሽከርከር ጀመረ። «ለፋሲካ ነው ፊልም የሞላሁበት። ደንበኛ በዛ፣ ባዶ ዲስክ ጠፋ… ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው ብዬ።»

ለፋሲካ። እሷ ሐረጎ ላይ እየወረደች ጉም ስትቀርጽ ሥራዋ ገና ነበረ። ማመልከቻ አስጻፊውን ስትጠይቅ፣ ስታለቅስ፣ ጉሙን እንደፈለግህ አድርገው ብላ ስትለምነው፣ መንገዱ ከነገደሉ ከነባሕር ዛፉ እዚያ ዲስክ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍስ በአንድ ቀን ትመልሰው ነበር። 

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አገናኝተው ተንሾካሾኩ። አባባ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደም የለበትም፣ ግፍም አስቦ አልሠራውም፣ ባለማወቅና በእፍረት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ የከፋ አለ። እንየው፣ ተነስ፣ እግሯን ሳም። ሱሀይላ፣ አንቺም ስለ አላህ ብለሽ ይቅር በይው።»

እንየው ተነሥቶ መጥቶ ጎንበስ አለ። እሷ ትከሻውን ይዛ አስቆመችው፤ ወጉ ያው ነው።

«ሥራዬን ስላጠፋህብኝ ይቅር ብያለሁ» አለች። «ስለ ጉሙ ግን አላልኩም።»

«ይቅርታ እየተሸረፈ አይሰጥም!» አሉ ጋሽ ወንድምአገኘሁ።

«ጋሼ፣ ይታገሡኝ። ማጥፋት ማንም ያጠፋል። እሱ ግን በዐይኔ ያየሁትን አላየሽም አለኝ። ራሴን አላምን እስክል ድረስ። መንገደኛ እያስቆምኩ ጠየቅሁ እኮ!»

 እማማ ራቢያ በዐይናቸው እንየውን ጠቀሱት።

«ጉሙ ልክ ነበር» አለ እንየው። «ዲስኩን የከፈትኩ ዕለት ነው ያየሁት። ወደ ሐረጎ ወርጄ ካርታውን ከቦታው ጋር አስተያየሁት። ከመሃለኛው ጠመዝማዛ ነው የሚጀምረው፣ አንቺ ባስቀመጥሽበት። እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም።»

ያን ሁሉ ጊዜ ይህንን ቃል ስትጠብቅ ነበር። ቡድኑ ፊት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሁሉ እያነበበው እንዲመጣ ነበር የምትጠብቀው። አሁን መጣ፤ ግን ሱሀይላ ልክ የሆነውን ጉም ለማንም የምታሳይበት ካርታ የላትም።

«ይቅር ብያለሁ» አለች።

«አሚን» አሉ ሽማግሌዎቹ።