የማን ለቅሶ ነው?

የስቱዲዮው ስልክ ሲበራ ሕሊና ማመን አቃታት። ከሙዚቃ መምህርነቷ ጎን፣ ክላሲካል ሙዚቃንና ደራሲዎቹን የምታስተዋውቅበት የቅዳሜ ሰዓት በፍኖተ ሰላም ትንሿ ሬዲዮ ጣቢያ ለሙከራ ተሰጥቷታል። እስካሁን የደወሉላት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም "ክላሲካል ከሆነማ ዋሽንት ጋብዥን" ብለው ዘጉት። ድምፃዊ የሌለበት ሁሉ ክላሲካል በሚባልበት አገር ምን ይፈረድባቸዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንዳወቅ ግን በእሷ ላይ ፈርደዋል፤ ዛሬም አድማጭ ካልተገኘ ሰዓቱ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ማስታወቂያ ይሰጣል።

ቫዮሊን ብቻውን፣ በዝግታ እየተጫወተ ነበር። ድምፁን ቀነስ አድርጋ ደዋዩን አየር ላይ አስገባችው።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ገነነ እባላለሁ፣ ከሽንዲ። እንደው ልጀ፣ ማን ናቸው?"

"ዮሐን ሰባስትያን ባህ ይባላል።"

"ዮሐንስ? አላወቅኋቸውም። የት ነበሩ?"

"ጀርመን አገር።"

"እህ፣ ለሕክምና ሄደው ነዋ።"

ሕሊና ሰውየው ይህን ከየት አወቀ ብላ ተገረመች። "አዎ፣ ዓይኑን ታክሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ።"

"ነፍስ ይማር። ቀብሩ መቼ ነው ታዲያ?"

"ቀብሩማ… ከሞተ እኮ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል።"

ደዋዩ ስልኩን ዘጋው። 

ከዚያ ወዲያ ስልኩ አላርፍ አለ። አንድ የጅጋ ነጋዴ ገበያው ይበተን እንደሆነ ጠየቃት። አንዲት እናት ነገ ልጃቸውን እንደሚድሩ ነግረው፣ ከበሮው ይመታ ወይስ ይቅር አሏት። አድማጭ ስትለምን የኖረችው ሕሊና፣ አድማጩ ሲመጣላት የሚናገረው አልገባ አላት። ዋሽንት ቢጠይቋት በወደደች።

አቶ ወንዳወቅ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"ምን እያደረግሽ ነው? መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ እየተዘጋ ነው። ትልቅ ሰው ሞቷል ተብሎ ከተማው ታምሷል።"

"እኔ ዛሬ ሞተ ያልኩት ሰው የለም።"

"ማለት አያስፈልግሽም። ሬዲዮ ቃል የሌለው ሙዚቃ ሲያንጎራጉር ሰው ምን እንደሚጠብቅ አታውቂም?"

ታውቅ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲሞት መርዶው ከመነገሩ በፊት ሬዲዮ የሚያሰማው እንዲህ ያለ ሙዚቃ ነው። እዚሁ አገር ተወልዳ አድጋ እንዴት እንደዘነጋችው ግን ለራሷም አልገባት አለ። ጭንቅላቷን የሞላው የደራሲዎች የትውልድ ዘመንና የድርሰት ቁጥር ነበር። ዘመኑ ደግሞ ሰው በኮሽታ የሚደነግጥበት ነው።

"አሁኑኑ ቁረጪውና የሞተ ሰው የለም በይ" አሉ አቶ ወንዳወቅ። "ከዚያ ሞቅ ያለ ዘፈን ልቀቂ። የዚህን ሰዓትሽን ነገር ሰኞ እንነጋገራለን።"

ስለ ሰኞው ንግግር ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ ሰዓቱን ሊወስዱባት ነው። ቫዮሊኑን አቆመችው። ማይክሮፎኑን ልትጠጋ ስትል ስልኩ እንደገና በራ። "ተይው" ቢሏትም እጇ ቀደማት።

"ደስታነሽ ነኝ፣ ከቡሬ" አሉ አንዲት አሮጊት። "ምነው ቆረጥሽው?"

"ይቅርታ እናቴ፣ ስህተት ተፈጥሮ ነው። የሞተ ሰው የለም።"

"እንዴት የለም? ነጠላየን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ እኮ። ያ ሁሉ ለቅሶ የማን ለቅሶ ነው?"

ሕሊና "ይህ ድርሰት" ብላ ጀመረችና ተወችው። ያዘጋጀችው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን አንድ መስመር የለውም። አፈረች፤ ሦስት ቅዳሜ ስትለፈልፍ ለቅሶው የማን እንደሆነ ሳትናገር መቅረቷ አሳፈራት።

"ደራሲው ከሚያገለግለው መስፍን ጋር ሩቅ አገር ሄዶ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሚስቱን ደህና ትቷት ነው የሄደው። ሲመለስ ተቀብራ አገኛት።"

"ሳያረዱት?"

"ሳያረዱት። ቤቱ ሲገባ ነው የሰማው።"

"ወየው። ለሷ ነው ታዲያ?"

"ለእሷ ነው የሚሉ አሉ። እርግጡን የሚያውቅ የለም።"

"እና ሰው ሞቷል እኮ፣ ልጀ። ስሟን እንኳ ሳትነግሪን ነው የለም የምትይን?"

 ሕሊና አመስግናቸው ስልኩን ዘጋች። አቶ ወንዳወቅ ኮምፒዩተሩ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ የእስክስታ ዘፈን መርጠዋል።

"በይ፣ የለም በይና ይሄን ልቀቂው።"

ልክ እንደሆኑ ታውቃለች። ሴትዮዋም ልክ ናቸው። ሁለት ልክ እንዴት አብሮ እንደሚኖር ግን አላወቀችም፤ የምታውቀው የሚመጣውን ቅዳሜ እንደምትፈልገው ብቻ ነው። ማይክሮፎኑን ከፈተች።

"አድማጮች፣ በአገራችን የሞተ ትልቅ ሰው የለም። ሱቅ የዘጋችሁ ክፈቱ፤ ሠርግ ያላችሁ ከበሯችሁን ምቱ።" አቶ ወንዳወቅ እፎይ ብለው ቀና አሉ። ሕሊና ግን አልጨረሰችም። "የሞተችው ማሪያ ባርባራ ትባላለች። ባሏ መንገድ ላይ ሳለ ነው የሞተችው፤ ቀብሯ ላይ አልደረሰም።"

ከዚያ ወደ እስክስታው የተዘረጋ እጇን መልሳ፣ ቫዮሊኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው።