ሰማያዊው መብራትና የጋሼ ኪዳነወልድ ጥርስ

አዳማ ውስጥ እንደ ጋሼ ኪዳነወልድ በጥርሱ የሚኮራ ሰው አልነበረም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ የስንቱን ጥርስ እንዳበለዘ አገር ያውቃል። እሳቸው ግን ሆቴላቸው በር ላይ ቆመው፣ «የኔን ውሃውም ፈርቶታል!» እያሉ ሠላሳ ሁለቱንም ያሳያሉ።

ልዩ የምትባለው እንግዳ ተቀባይ ግን የጥርስ ነገር አያሳስባትም፤ ሐሳቧ ሁሉ ጨለም ባለው እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያለው የዓሣ ገንዳ ላይ ነው። ገንዳው ውስጥ ኮራል አለ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው። የውሃውን ጨው የምትለካለት፣ ጠዋት ስትገባም «እንዴት አደርክልኝ?» የምትለው እሷ ናት። አሮጌው መብራት ከተቃጠለ ወዲህ ግን ኮራሉ ገርጥቶ እየነጣ ሄደ፤ የልዩም አንጀት አረረ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጆቴ ሁለት ኤልኢዲ አምፖል ለሙከራ አመጣ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ።

«ነጩ ለዓይን ነው፤ ኮራሉን የሚያበላው ሰማያዊው ነው። ምረጡና ቅዳሜ መጥቼ ያልመረጣችሁትን እወስዳለሁ» አለ።

ሰማያዊውን ሲያበራው ኮራሉ አረንጓዴና ብርቱካንማ ሆኖ ፈካ። ልዩ እልል ልትል ስትል፣ ጋሼ ፈገግ ብለው ወደ ገንዳው መስታወት ጠጋ አሉ። ወዲያው ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።

«ነጩ ይሁን!»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሞታል እኮ!»

«ነጩ አልኩ! ጭፈራ ቤት ነው እንዴ ይሄ?» አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ወጡ።

ልዩ ግን አይታለች፤ የፊት ስድስቱ ጥርሳቸው ጥቁር ነበር። በመስታወቱ የራሷን ገለጥ አድርጋ ብታይ ቦግ ብሏል። የጆቴም እንዲሁ።

«የራስ ጥርስ በዚህ መብራት ያበራል፤ የተተከለ ይጠቁራል» አለ ጆቴ፣ በሳቅ እየፈረሰ።

«አይ ጋሼ! ውሃው የፈራው የተተከለውን ነው ለካ!» አለች ልዩ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ዲንቄ፣ የአርሲ ነገሌዋ የእህል ነጋዴ፣ ጋሼን ሊጠይቁ መጡ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ስድስት ዓመት የሆናቸው ጋሼ ሊያገቧቸው እንደሚመኙ ከጥበቃው እስከ ወጥ ቤት ያልሰማ የለም። ሁለቱ ገንዳው አጠገብ ሲቀመጡ ልዩን ሰይጣን ሹክ አላት። ጆቴ እየመጣ ነው፤ ሰማያዊውን ከወሰደው ኮራሉ አለቀለት። እንግዳዋ ከወደዱለት ጋሼ እምቢ አይሉም ብላ የሰማያዊውን ማብሪያ ተጫነችው።

ጋሼ አፋቸውን ለጎሙ። ወይዘሮ ዲንቄ ስለ መንገዱ ቢያወሩ «እም»፣ ስለ ስንዴ ቢያወሩ «እም»። ልዩ ከጠረጴዛዋ ጀርባ መጀመሪያ ሳቀች። ወይዘሮ ዲንቄ ቦርሳቸውን ይዘው ሲነሱ ግን ደነገጠች። ምን አደረግሁ! ብላ ራሷን ረገመች።

«ሳቂታ ሰው ናቸው ብለውኝ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ዲዳ ኖረዋል!» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፤ ተቆጥተውም በራሳቸው ንግግር ሳቅ አመለጣቸው። የፊት አራቱ ጥርሳቸው ጥቁር ነበር።

ጋሼ አፍጥጠው አዩ። ከዚያ አፋቸውን በልቅጠው ስድስቱንም አሳዩ።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! እርስዎም?» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፣ በገንዳው መስታወት የራሳቸውን ጥርስ እያዩ።

«የአዳማ ውሃ ነዋ! የእርስዎስ?» አሉ ጋሼ።

«የነገሌስ መች ይምራል!» ወይዘሮ ዲንቄ በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ።

ጆቴ ሲደርስ ጋሼ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ነጩን ውሰድልን» አሉት።

«ቆይ!» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ። «ነጩ ለቀለበቱ ቀን ይቀመጥ። ወንድሞቼ የጥርሴን ነገር አያውቁም።»