መጀመሪያ እጀታውን ሞክር

ሽቦ ይሉታል። አንድም ከሲታ ስለሆነ፣ አንድም በቀጭን ሽቦ የማይከፍተው በር ስለሌለ። ቁልፍ ሠሪ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ ጉድ ሆነ።

አንዲት ሴት የአራት ዓመት ልጇ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ደውላ ጠራችው። ሽቦ ከቤቱ ሳይወጣ ሐሺሹን ስቦ ነበር። ድሮ የሚያጨሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ነበር፤ አሁን ግን ያለሱ ከአልጋ መውረድም አቅቶታል። ደርሶ የልጅቷን ልቅሶ ከበሩ ወዲያ ሲሰማ ላብ አሰመጠው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከቀዳዳው ጋር ታገለ። ሽቦው ይወድቃል፣ ያነሣዋል። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት መጣችና እጀታውን ይዛ በትከሻዋ ገፋ ብታደርገው በሩ ተከፈተ። መቼ ተቆልፎ! እንጨቱ በእርጥበት አብጦ ተጣብቆ ነበር እንጂ። እናት ደንግጣ ቁልፍ ቢመስላት አይፈረድባትም። ቁልፍ ሠሪ ግን? “መጀመሪያ እጀታውን ሞክር” ማለት የሙያው ሀ ሁ ነው።

ወሬው ከሱ ቀድሞ የሚሠራበት ሱቅ ደረሰ። ሙያውን ያስተማሩት የሱቁ ባለቤት አልጮኹበትም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

“ስማ ልጄ፣ ሰው በሩን የሚያስነካው ለሚያምነው ነው። ጭስህን ካወቅሁ ቆየሁ። ዝም ያልኩት እጅህን ወድጄ ነው፤ ጥፋቱ የኔም ነው። አሁን ግን ክሊኒክ ሄደህ ሕክምና ጀምር። አለዚያ የሱቁን ቁልፍ መልስልኝ።”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም።”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” አሉና ወደ ሞረዳቸው ዞሩ።

ሽቦ ከዚያ ሱቅ ሌላ መዋያ የለውም። ከእህቱም ሌላ ሰው የለውም። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ሥራዋን ዘግታ ክሊኒክ አብራው ሄደች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠና ተራው ሲደርስ ገባ።

አማካሪዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በቀን ስንቴ ታጨሳለህ? እውነቱን ተናገረ። እንቅልፍስ? እሱንም ተናገረ። ልብህ ያለምክንያት የሚመታበት፣ መኖር የሚያስጠላህ ጊዜ አለ? “አለ” አለ ቀስ ብሎ።

“ልጅ ሳለህ ቤት ውስጥ የሚመታህ፣ የሚያስፈራራህ ወይ የሚዘጋብህ ሰው ነበር?”

እዚህ ላይ ዐይኑን በጨው አጥቦ “ኧረ የለም፣ ደህና ሆኜ ነው ያደግሁት” አለ።

ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይ ግን ጭሱ የሚመጣው በድሮ ቁስል ላይ ነው። የቱን እንደማክም ማወቅ አለብኝ። እስቲ ውጭ አሥር ደቂቃ አረፍ በልና አስብበት።”

ወጣ። እህቱ ፊቱን አይታ “ስለ ዕቃ ቤቱ ነገርካቸው?” አለችው።

“የምን ዕቃ ቤት?”

የምን ዕቃ ቤት ይላል እንዴ! የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አባታቸው በተቆጡ ቁጥር ከጓሮ ያለው ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ያስገቡት ነበር። አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ። እህቱ ከውጭ በሩ ሥር ተቀምጣ ተረት ታወራለት ነበር።

እሷ መርፌ የበሳሳቸውን ጣቶቿን አየች። “ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነው እንጂ፣ በሩን የምቆልፈው እኔ ነበርኩ። አባባ ቁልፉን አንገቴ ላይ ያስሩታል። ‘ብትከፍቺለት አንቺም ትገቢያለሽ’ ይሉኛል። ፈራሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ሆኖ ነው ተረት የማወራልህ።”

ሽቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

“አውቃለሁ፣ እትዬ።”

“ምኑን?”

“በሩን ስትደገፊ ቁልፉ እንጨቱን ይነካው ነበር። እሰማው ነበር።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ለሰው አልተናገርክም?”

“አንቺን ማሳጣት መሰለኝ። እዚያ ቤት ያጫወተኝ አንቺ ብቻ ነሽ።”

ልብስ ሰፊዋ በእጅጌዋ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ በቁጣ ይሁን በፍቅር በማይለይ ድምፅ “ሂድና ንገራቸው” አለች። “እኔንም ጨምረህ። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩ።”

“ነይ አብረን እንግባ።”

የአማካሪዋ በር ተዘግቷል። እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ፣ ወደ ሽቦው ሄደ። ትዝ ሲለው እጁን አወጣና መጀመሪያ እጀታውን ሞከረ።