ለእማማ መስኮት የሚሆን ተራራ

"ቤቱን አሳየኝ አልኩህ እኮ! ይኼ ምንድን ነው?"

"ተራራ ነዋ።"

"ተራራ መሆኑንማ መች አጣሁት! ቤቱስ?"

"ከኋላዬ ነው።"

መጋረጃ ሰፊዋ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ፎቶዎቹን ደግማ አየቻቸው። ባሏ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሰሜንና በምሥራቅ ካሉት ሁለት ትልልቅ ከተሞች ወደ መረጠው እንዲዛወር ስለፈቀደለት በሁለቱም የሚከራይ ቤት ሊያይ ሄዷል። እሷ የወጥ ቤቱን ስፋትና የስፌት መኪናዋ የሚቀመጥበትን ጥግ ስትጠብቅ፣ እሱ በየቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ውጭ አንስቷል።

"ለእማማ ብዬ እኮ ነው" አለ፣ ጥፋቱ ሲገባው እየሳቀ። "አልጋቸው መስኮቱ ሥር አይደል የሚሆነው? ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሱን ነው።"

ስልኩን ዘጋች። ሐኪሙ እናቷ ከእንግዲህ ከአልጋ እንደማትነሣ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሜዳ ላይ በተዘረጋው በዚህ ከተማ ደግሞ ከመስኮቷ የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግንብ ብቻ ነው። ዝናብ ያጠቆረውን ቦታ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን የሚመረጥላት መስኮት የመጨረሻዋ ነው።

እናቷ ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ አማችሽ ተራራ ልኮልሻል።"

"ተሸክሞ?"

ተሳሳቁ። መጀመሪያ የሰሜኑን አሳየቻት። ሩቅ ነው፣ ሰማያዊ። ደመናው ወገቡ ላይ ስለቀረ ጫፉ ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ለልጅቱ መስኮቱ ላይ የሰቀለችው ስስ ነጭ ጨርቅ በነፋስ ሲነሣና ሲወድቅ፣ ተራራውም አብሮት ሲመጣና ሲሄድ ታያት። ከጠዋት ጀምሮ በጆሮዋ ሲያንኳኳ የዋለው የስፌት መኪና ድምፅ ጸጥ አለ።

"ቆንጆ ነው" አለች እናቷ። "ግን መስተዋት ፊት እንደቆመ ጎረምሳ ነው። ሰው አያይም።"

"የምሥራቁ ደግሞ የተኛ ጎሽ ነው የሚመስለው። አንድ ጎኑ ድንጋይ ተፈልጦበታል፤ መንገዱም አበላሽቶታል" ብላ ልጅቱ ልታሳልፈው ስትል፣

"ቆይ እንጂ! ምን አስቸኮለሽ? እስቲ አጉይልኝ።"

አጎላችላት። ኩርባው ላይ አንድ የጭነት መኪና ነበር።

"ይኼ የሚወጣ ነው የሚወርድ?"

"ፎቶ እኮ ነው እማ፤ ቆሟል።"

"እዚያ ሆኜ ባየው ግን አይቆምም። ከኩርባው ጀርባ ይጠፋል፣ ከዚያ ከላይ ብቅ ይላል። እኔም ማነው፣ ምን ጭኖ ነው፣ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ እያልኩ እውላለሁ።" ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺ የቱን ወደድሽ?"

"እኔማ ጨርቅ ላይ አቀርቅሬ ነው የምውለው። ለእኔ ሁሉም ያው ነው።"

"ውሸታም! ዓይንሽ ሰማያዊው ላይ ቀርቷል። እሱን ያዙ። እኔ ስንት ዘመን ልቆይ ብዬ ነው? የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ።"

የማታዋ ፀሐይ ግንቡን ለጥቂት ጊዜ ቀይ አደረገችው። እናቷ ዓይኗን ከደነች። ጣቷ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይወጣል። ልጅቱ በዓይኗ ተከተለችው። ብርድ ልብሱ የታጠፈበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ አረፈ፣ ከዚያ ዞሮ መውረድ ጀመረ።

ቀስ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች።

"የምሥራቁን ያዘው።"

"ጎሹን? እኔ እኮ አንቺ ያኛውን የምትወጂ መስሎኝ..."

"የምሥራቁን አልኩህ።"

"ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው አያስገባም፣ እንዳትወቅሺኝ።"

"ተራ በተራ እንገባለና። ይልቅ አልጋው በበሩ ማለፉን ለካ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሰማያዊውን ተራራ አንዴ አየችው። እናቷ ስትነቃ ክርክሩ እንዳይቀጥል ፎቶውን አጠፋችው። ባሏ በማግስቱ የምሥራቁን ቤት ቁልፍ ተቀበለ።