ሸዋገነትና የአያ አዘዘ ቤት ወተት

ጣልያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸዋገነት ከቁስቋም ተነሥታ ኮላ ድባ ተዳረች። የአማቷ የአያ አዘዘ ቤት በከብት የታወቀ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትኩስ ወተት በዋንጫ ይቀርባል፤ ሙሽራማ እንዴት ይቅርባት!

እሷ ግን ላም በሌለበት ቤት ያደገች የከተማ ልጅ ናት። ያንን ወተት በጠጣች ቁጥር ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ጓሮ ስትመላለስ ትውላለች።

«ምነው ልጄ፣ የኛ ወተት አልጥም አለሽ?» ይሏታል አማቷ እመት እንኳየሁ፣ እያዘኑ።

ጎረቤቱ ዓይን ወግቷታል አለ። ጠበል ተረጨች፤ አልሆነም። ያገባችበትን ቤት ንቃለች እንዳይሏት ዓይኗን ጨፍና መጠጣቷን ቀጠለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሽሮውን፣ ተልባውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን በላች፤ ሆዷ ጸጥ አለ፣ ጉንጯ ሞላ። «ጋኔኑ ጾሙን ፈርቶ ሸሸ» ተባለ። ሸዋገነት ግን በልቧ፣ «የሸሸው ከምን ጋር ተመልሶ እንደሚመጣ ልየው» አለች።

ፋሲካ ሲፈሰክ ዶሮውን ከነቅቤው በላች፤ ወተቱን በዘዴ አለፈችው። ደህና አደረች። በማግስቱ አይብ ቀመሰች፤ ደህና ናት። ሌላ ቀን እየፈራች እርጎ ጠጣች፤ አሁንም ሰላም። በመጨረሻ ከታለበው ትኩስ ወተት ተጎነጨች። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ እያመማት ሳቀች። «አገኘሁህ!» አለች።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ አያ አዘዘ ራሳቸው ዋንጫውን ዘረጉላት። ሸዋገነት ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«አባቴ፣ ወተቱ ሸጋ ነው፤ ያልቻለው የኔ ሆድ ነው። ትኩሱ ያመኛል፤ ሲረጋ ግን ይስማማኛል። ቤታችሁን ንቄ አይደለም።»

«ወተት ተነቅፎ ያውቃል?» አለ አንዱ እንግዳ።

እመት እንኳየሁ ምራታቸውን ትክ ብለው አዩ። በጾሙ ስታምር ያዩት እሳቸው ናቸው። ወደ ጓዳ ገብተው እርጎ በቅል ሞልተው ወጡ።

«በይ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ጠጪው።»

ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ከዚያ ጨዋታው ደመቀና ሸዋገነት ከመሐል ገብታ አመሻሽ ድረስ እስክስታ ወረደች፤ እንግዶቹ ትታመማለች ብለው ቢጠብቁም ቀድመው የደከሙት እነሱ ሆኑ።

አያ አዘዘ ከት ብለው ሳቁ። «ከዛሬ ጀምሮ ትኩሱ ለፈለገ፣ የረጋው ለልጄ!»

እንግዳው ሲበተን ጎረቤታቸው አበቡ በር ላይ የሸዋገነትን ክንድ ያዝ አደረገች። «እቴ፣ እኔንም እኮ እንዲሁ ያደርገኛል» አለች በሹክሹክታ፤ «አፍሬ ነው ዝም ያልሁት።»

«ነይ ግቢ» አለቻት ሸዋገነት፣ እየጎተተቻት። «እርጎው ገና አላለቀም።»