በገመዱ ጫፍ ያለው እጅ

“አሁን ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ” አለ አስጎብኚው። “ፊቶቹ ይጥፉ። ምን ቀረ?”

“ገመዱ” አለች ከጎብኚዎቹ አንዷ።

“ገመዱ! ሠዓሊው ግድግዳ የሚያህለውን ሸራ ከላይ ከግራ ጥግ እስከ ታች እስከ ቀኝ ጥግ በአንድ ገመድ ሰንጥቆታል። የተሸነፈ ጦር ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ እየተሻገረ ነው። ዳር የደረሰው አዛዥ ቀይ ካባ ለብሷል፤ ከእሱ በታች ቀይ የሚባል የለም። ሰማያዊው እየጠቆረ፣ ሰዎቹም ከወገብ እስከ ደረት፣ ከደረት እስከ አንገት እየሰመጡ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ አንድ እጅ ብቻ አለ። ባለቤቱን ክፈፉ ቆርጦታል፤ አናየውም። ግን ገመዱን እንደያዘ ነው። ተስፋ አልቆረጠም።”

ይህን ለዓመታት ሲል ኖሯል፤ ሁልጊዜ በሥዕሉ ግራ ቆሞ፣ ጀርባውን ለሸራው ፊቱን ለሰው ሰጥቶ።

ጎብኚዎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ እናቱን አያት።

“እማዬ! በር ላይ ጠብቂኝ አላልኩሽም?”

“አንተ እዚህ በር፣ ምራቴ ፍርድ ቤት በር! እኔን ስንት በር ልታስጠብቁኝ ነው?”

ታናሽ ወንድሙ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ቆይቷል። የተሳፈረባት ጀልባ መስጠሟ ተሰማ፤ የእሱ አስከሬን ግን አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ ሞቷል ብሎ እንዲወስን፣ ሚስቱም ከመጠበቅ እንድትገላገል፣ የቀረው የእናት ቃል ነበር። እናት በቀጠሮው ቀን እየታመመች ስትቀር ኖራ ዛሬ በስንት ልመና እሺ ብላለች።

“አልሄድም” አለች።

“ምነው ደግሞ?”

“እጁን እያየሁ አልቀብረውም።” በአገጯ ወደ ሥዕሉ ጠቆመች። “ትንሿን ጣት እያት።”

አያት። ከሌሎቹ ተነጥላ ወደ ውጭ ጎብጣለች። ወንድሙ በልጅነቱ በር ተዘግቶባት እንደዚሁ ጠማማ ሆና የቀረች ጣት ነበረችው። አስጎብኚው በየቀኑ ስለ እጁ ሲያወራ ጣቷን ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

“እማዬ፣ ይሄ እኮ አያቶቻችን ሳይወለዱ የተሣለ ነው።”

“ዕድሜውን ማን ጠየቀህ? ይዟል ስትል በጆሮዬ ሰማሁህ። የያዘን ልጅ ሞቷል ብዬ ቃሌን ልስጥ?”

በሩ ሥር የተቀመጠው ጥበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። “እናታችን፣ እኔም ለዚያ እጅ ጀርባዬን አልሰጥም። ወንበሬን ያዞርኩት ወድጄ አይደለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ቀድሞ የሚያየኝ እሱ ነው።”

“እጅ ያያል እንዴ?” አስጎብኚው ሊስቅ ሞከረ።

“እኔ ምን አውቄ! ሲያየኝ ግን አውቃለሁ።”

አስጎብኚው ከእናቱ ጎን ተቀመጠ። ከዚህ ወንበር ሆኖ ሥዕሉን አይቶ አያውቅም፤ ወንበሩ የጎብኚ ነውና። ከቆመበት ቦታ በጎን ሲያየው የኖረው ጥግ አሁን ፊት ለፊቱ ሆነ። ሰዎችን እንደሚያዛቸው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ገለጠ።

ገመዱን የጨበጡት እጆች ሁሉ የጣታቸው አንጓ ላይ ነጭ ቀለም ጣል ተደርጓል፤ አጥብቆ የሚይዝ እጅ ደሙ ይሸሻልና። የመጨረሻው እጅ ላይ ግን ነጭ የለም። ደሙ ተመልሶ አንጓዎቹ ቀልተዋል። በመዳፉና በገመዱ መካከል ክር የምታህል ውሃ ትታያለች። እጁ አልያዘም። እየለቀቀ ነው።

ጠዋትም እንዲህ ነበር? የእርጥብ ገመድ ሽታ አፍንጫውን መታው። ዞር ብሎ ጥበቃውን አየ፤ ጥበቃው ጫማውን ያያል።

“ምን አየህ?” አለች እናቱ።

“ምንም።”

ዝም ካለ፣ እናቱ ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ምራቷም እየጠበቀች ታረጃለች። ከተናገረ፣ ያን ልጅ ከእናቱ እጅ የሚነጥቀው እሱ ራሱ ነው። ሳይወስን ሌላ ቡድን ገባ። ተነስቶ ቦታው ላይ ቆመ፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ካባው ተናገረ፤ እጁ ጋ ሲደርስ “ገመዱን…” ብሎ አቆመ።

እናቱ ከወንበሩ ላይ እጇን አወጣች።

“ይቅርታ፣ አስጎብኚው” አለች። ልጇን እንደማታውቀው ሰው ነበር የምታየው። “ያ የመጨረሻው ልጅ ይዟል ወይስ ለቋል? እውነቱን ይንገሩኝ።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

“ለቋል” አለ። “እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው የማወራው። ለቋል።”

“ደክሞት ነው፣ ፈቅዶ?”

“እሱን ሥዕሉ አይናገርም። እኔም አላውቅም።”

እናቱ ሥዕሉን ብዙ ካየችው በኋላ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

“እንግዲያው እንሂድ” አለችው። “ያቺን ልጅ ፀሐይ ላይ አናቁማት።”